ሁለቱ ባለመርከቦች

በአንድ ሰፊ ባሕር ላይ ሁለት ባለመርከቦች ነበሩ። ባሕሩ አትላንቲክ ነው። አንደኛው የሃሊፋክሱ ሳሙኤል ኩናርድ፣ ሌላው የኒውዮርኩ ነጋዴ ኤድዋርድ ኮሊንስ።

ኩናርድ የእንግሊዝን መንግሥት ፖስታ ለማመላለስ ተዋውሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1840 «ብሪታኒያ» የምትባል የእንፋሎት መርከብ ከሊቨርፑል አስነሣ። ለተሳፋሪው ወተት የምትታለብ ላም ተጭናለች፤ ድሎቱ እዚያው ላይ አበቃ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1842 ቻርልስ ዲክንስ ተሳፍሮባት የመኝታዋን ጥበት ላገር ሁሉ አወራ፤ ሲመለስም የሸራ መርከብ መረጠ። ኩናርድ ግን በሐሜት የሚደነግጥ ሰው አልነበረም። የእሱ ሐሳብ የተሳፈረው በሰላም እንዲወርድ ነው። በ1843 «ኮሎምቢያ» የምትባለው መርከቡ በጭጋግ ከዓለት ጋር ተላትማ ስትሰበር፣ የሞተ ሰው አልነበረም። ቅዱስ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ነጋዴ ነው፤ ሬሳ ደንበኛ እንደማያመጣ ያውቃል።

የአሜሪካ ኮንግረስ ይህን እያየ ቀናና ለኮሊንስ በዓመት 385 ሺህ ዶላር የፖስታ ድጎማ መደበለት። ኮሊንስም በ1850 አራት መርከቦች ባሕር ላይ አወጣ፦ «አትላንቲክ»፣ «ፓሲፊክ»፣ «አርክቲክ»፣ «ባልቲክ»። ክፍሎቻቸው በእንፋሎት ይሞቃሉ፤ በረዶ ማከማቻ አላቸው፤ ፀጉር ቤት ሳይቀር አላቸው። በ1851 «ፓሲፊክ» ባሕሩን ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ አቋረጠች። ባገሩ ሰው ዘንድ ኩራት ሆነ። ይሁን እንጂ የእንጨቱን አካል ግዙፍ ሞተር ሌት ተቀን ሲያናውጠው፣ መርከቦቹ ወደብ በገቡ ቁጥር ጥገና ነው፤ ከሰሉም ገንዘቡን ይበላል። በ1852 ኮንግረስ ድጎማውን 858 ሺህ ዶላር አደረሰው። ስለዚህ ኮሊንስን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል፤ «ግፋ!» የሚለው ብዙ ነበር።

መስከረም 27 ቀን 1854 (እ.ኤ.አ.) እኩለ ቀን ላይ «አርክቲክ» ወደ 400 የሚሆኑ ሰዎችን ይዛ፣ ከኒውፋውንድላንድ ማዶ ወፍራም ጭጋግ ውስጥ ገባች። ፍጥነቷን አልቀነሰችም። ድንገት ከፊቷ «ቬስታ» የምትባል ትንሽ የፈረንሳይ መርከብ ብቅ አለች። ተጋጩ። «ቬስታ» አፍንጫዋ ተቆርጦ ሲታይ የ«አርክቲክ» አዛዥ ካፒቴን ሉስ አዘነላት፤ ልትሰጥም ነው ብሎ ምክትሉን በጀልባ ላከ። ቀዳዳው ግን የእሱ መርከብ ጎን ላይ ነበር። ይህን ሲረዳ ምክትሉን ትቶ ወደ የብስ ገሰገሰ፤ ሞተሩ በጉልበት ሲሽከረከር ውኃው በዚያው ልክ እየገባ እሳቱን አጠፋው። በሽሽቱ መካከል ለመዳን ወደ «አርክቲክ» እየቀዘፉ የመጡ የ«ቬስታ» ሰዎች ጀልባ ከመቅዘፊያ መንኮራኩሯ ሥር ገባ።

የ«አርክቲክ» ጀልባዎች ስድስት ነበሩ፤ የዘመኑ ሕግ ከዚያ በላይ አይጠይቅም ነበር። የሚበቁት ግን ከተሳፈረው ለግማሹ እንኳ አልነበረም። ሠራተኞቹ ቀድመው ተሻምተው ገቡባቸው። ከሴትና ከሕፃን አንድም አልተረፈም። ካፒቴኑ በሽተኛ ልጁን አቅፎ ከመርከቧ ጋር ሰጠመ፤ ወዲያው ሁለቱም ወደ ላይ ብቅ ሲሉ፣ ከመርከቧ የተገነጠለ የመንኮራኩር መሸፈኛ እንጨት ከሥር ተስፈንጥሮ ወጥቶ ልጁን መታና ገደለው። አባትየው ያንኑ እንጨት ይዞ ወጣበት፤ በሕይወት የቆየውም በእሱ ላይ ነው። ከሟቾቹ መካከል የኮሊንስ ሚስት፣ ሴት ልጁና ወንድ ልጁ ነበሩ። «ቬስታ» ከብረት የተሠራች፣ ውስጧም ውኃ በማያሳልፍ ግድግዳ የተከፋፈለ ስለነበረ፣ እንደተቆረጠች እየተንፏቀቀች ሴንት ጆንስ ወደብ ገባች።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ባሕር ግን አያስለቅምም። በጥር 1856 «ፓሲፊክ» ከሊቨርፑል ወጣች፤ ከሦስት ቀን በኋላ የኩናርድ አዲስ የብረት መርከብ «ፐርሺያ» ተከተለቻት። የፍጥነት ፍቅር ኩናርድንም ይዞት ነበርና «ፐርሺያ» በዚያው የመጀመሪያ ጉዞዋ ከተንሳፋፊ በረዶ ጋር ተላተመች፤ ግን ቆስላ ኒውዮርክ ደረሰች። «ፓሲፊክ» አልደረሰችም፤ የት እንደወደቀችም በጊዜው አልታወቀም።

ኮንግረስ ድጎማውን ቀነሰ። የቀሩት መርከቦች በ1858 በሐራጅ ተሸጡ። በዚያው ዓመት ሊቨርፑል ጉዳይ የነበረው የኒውዮርክ ሰው የኩናርድ ቢሮ ሄዶ ትኬቱን ቆረጠ።