የመምህር ሚዛን፤ መመዘን ወይስ መፍረድ?



የትምህርት ዘመኑ በሚዘጋበት ሰሞን በለገጣፎ፥ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ መንገዶች ላይ ሕፃናት የዓመቱን ውጤት የያዘች ካርድ ጨብጠው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እናያለን። አንዱ ይሮጣል፤ ሌላው እግሩን እየጎተተ ይዘገያል። ያቺ ካርድ ለአንዱ ምርቃት፥ ለሌላው ቁጣ ይዛ ትገባለች። ነገር ግን መምህሩ በእርግጥ የመዘነው ምንድን ነው? በምን ሚዛን መዘነው? ስለ ምንስ መዘነው? ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ጉዳዩ የትምህርት ባለሙያዎች ብቻ መስሎ ይታየናል። ዳሩ ግን በሰው ላይ የሚሰጥ ብያኔ ሁሉ የሕሊና ጉዳይ ነውና፥ ጥያቄው የክርስቲያን ሁሉ ጥያቄ ነው።

የምዘና መንገዶች

መምህር የተማሪውን ዕውቀት የሚመዝንባቸው መንገዶች ብዙዎች ናቸው። የቃል ጥያቄ አለ፤ የጽሑፍ ፈተና አለ፤ የቤት ሥራና የቡድን ሥራ አለ፤ በእጅ ሠርቶ ማሳየትም አለ። እነዚህ ሁሉ ግን በዓላማቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ትምህርቱ ካለቀ በኋላ የሚደረግ፥ ያለፈውን ከወደቀው የሚለይ ምዘና ነው። ሁለተኛው ትምህርቱ ገና በሂደት ላይ ሳለ የሚደረግ፥ ተማሪው የት ላይ እንደ ተሰናከለ አይቶ የሚያነሣ ምዘና ነው። ፊተኛው እንደ ዳኛ ነው፤ ኋለኛው እንደ ሐኪም ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሐኪሙ በሌለበት የሚፈርድ ዳኛ ግን ጨካኝ ነው።

ይህ ሁለተኛው መንገድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ተማሪውን አንድ በአንድ ያስነብቡታል፤ ሲሳሳት እዚያው ያርሙታል፤ ያለፈውን ሳያውቅ ወደሚቀጥለው አያሻግሩትም። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በፊቱ ያቃናለታል። በዚያ ቤት አለንጋም እንደ ነበረ አንክድም፤ ይሁንና ማንም ተማሪ በመምህሩ ሳይደመጥ አይቀርም ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ተከታታይ ምዘና በየደረጃው እንዲካሄድ አዝዟል። ሐሳቡ መልካም ነበር። በብዙ ክፍሎች ግን ተከታታይ ምዘና ማለት አንዱን ትልቅ ፈተና ቆራርሶ ነጥብ መሰብሰብ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ተማሪው ከ10 አራት አገኘ ተብሎ ይመዘገባል፤ የቀሩት ስድስቱ የት እንደ ጠፉ ግን የሚነግረው የለም።

እውነት የጎደለው ሚዛን

በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ አገር ሁሉ ደነገጠ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር የተሰጠ ሲሆን፥ ከ896 ሺህ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ተፈታኞች ቁጥሩ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። ለዚህ ውድቀት ጦርነቱ፥ ወረርሽኙ፥ የመጻሕፍትና የመምህራን እጥረት ሁሉ ድርሻ አላቸውና፥ በመምህሩ ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ፍትሕ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ሕሊናችንን ሊቆረቁረው ይገባል። እነዚያ ልጆች ሁሉ ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በየዓመቱ «አልፈሃል፥ አልፈሻል» የተባሉ ነበሩ። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን ሲናገር (11፥1) ነጋዴውን ብቻ የሚገሥጽ አይመስለኝም።

ይህን የምለው ከበደሉ ውጭ ቆሜ አይደለም። ከማዕረገ ክህነት በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች በአንዱ፥ በአንድ ትምህርት ቤት የግብረ ገብ ትምህርት አስተምር ነበር። እናቱ ልብስ አጥባ የምታሳድገው አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። የፈተና ወረቀቱን ሳርም በመልሱ ቦታ ላይ የጻፈው ሁሉ ጥያቄው ራሱ ተገልብጦ አገኘሁት። ማንበብ እንደማይችል ገባኝ። እኔ ግን እናቱን ላለማሳዘን ብዬ የማለፊያ ነጥብ ሰጠሁት፤ ለጽድቅም ቆጠርሁት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ የታክሲ ረዳት ሆኖ አገኘሁት። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፦ «አባ፥ ሁላችሁም አለፍህ አላችሁኝ፤ አለማንበቤን ግን ማንም አልነገረኝም» አለኝ። የተናገረው በቁጣ አልነበረም፤ እኔን ግን ከቁጣ ይልቅ ወጋኝ።

ያን ቀን የተረዳሁት ይህ ነው። እኔ ምሕረት ያልሁት ነገር ምሕረት አልነበረም። እውነተኛ ምሕረት ከትምህርት በኋላ ግማሽ ሰዓት አብሬው ተቀምጬ ፊደል ማስቆጠር ነበር። እርሱ ድካም ነበረው፤ ነጥብ መጨመር ግን ድካም አልነበረውም። ስለዚህ እውነቱን ነግሮ ተማሪውን ወድቆ የሚተወው መምህር ፍቅር ይጎድለዋል፤ አዝኖ የሚዋሸውም እንዲሁ ፍቅር ይጎድለዋል። ሁለቱም ከልጁ ጋር ለመድከም አልፈቀዱምና።

ፍትሕ የጎደለው ሚዛን

ሚዛኑ እውነተኛ ሆኖ ሳለ የተመዘነው ነገር ሌላ ሊሆንም ይችላል። በከተሞቻችን አፋን ኦሮሞም አማርኛም ሌሎች ቋንቋዎችም ይነገራሉ። በቤቱ አንድ ቋንቋ፥ በክፍሉ ሌላ ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ስንጠይቀው ዝም ሲል፥ ዝምታው ካለማወቅ ነው ወይስ ቃል ከማጣት? በሰበታ ለብዙ ዓመታት ዓይነ ስውራንን ሲያስተምር የኖረውን ትምህርት ቤት የማያውቅ የለም። በሥዕል የቀረበን ጥያቄ ለዓይነ ስውር ተማሪ ሰጥቶ ነጥብ መቀነስ ዓይኑን መመዘን እንጂ ዕውቀቱን መመዘን አይደለም። ያው ተማሪ ጥያቄው በብሬል ወይም በቃል ቢቀርብለት ግን ያወቀውን ይገልጣል። በመክሊቱ ምሳሌም (ማቴ. 25፥14-30) ጌታው ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ ሰጠ፤ ሁለት መክሊት የተቀበለውን የአምስቱን ትርፍ አልጠየቀውም፤ ደስታውንም አላሳነሰበትም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ይህ ሁሉ በሰንበት ክፍላችን ውስጥም አለ። ሰባቱን ምሥጢራት በአንድ ትንፋሽ የቆጠረችውን ልጅ እናመሰግናለን፤ የተደናገረውን እንገሥጻለን። በቃል መያዝ መልካም ነው፤ ግን የመጀመሪያው ደረጃ እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ቅዱስ አጎስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ400 ዓ.ም. ገደማ ለካርታጎው ዲያቆን ለዴዎግራጽያስ ስለ ጀማሪዎች ትምህርት ሲጽፍ፥ ሰሚው ዝም ካለ ፈርቶ ወይም አፍሮ፥ አለዚያም ነገሩ ሳይገባው ቀርቶ ሊሆን ይችላልና በፍቅር ጠይቀህ እወቅ፤ ቆሞ ከደከመም ወንበር ስጠው ብሎ መክሮታል። ምዘና ለአጎስጢኖስ ተማሪውን ማጋለጫ ሳይሆን መምህሩ የራሱን ትምህርት የሚያርምበት መንገድ ነበር።

ቅዱስ ፒዮስ 10ኛም እ.ኤ.አ. በ1910 ባጸደቁት ድንጋጌ፥ ሕፃን ቅዱስ ቁርባንን ከተራ እንጀራ ለይቶ ካወቀና እንደ ዕድሜው መጠን ዋና ዋናውን እምነት ከተረዳ ከማዕዱ እንዳይከለከል ወስነዋል። ድንጋጌው የላቲን ሥርዓትን የሚመለከት ቢሆንም፥ ከሕፃን የሊቅ ዕውቀት እንዳንጠይቅ ሁላችንንም ያስተምረናል።

ምናልባት፦ «60 ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን ማን ይችለዋል?» የሚል ይኖራል። አቤቱታው እውነት ነው። ነገር ግን በየዕለቱ አምስት ተማሪዎችን ብቻ ቀረብ ብሎ ያዳመጠ መምህር በ12 የትምህርት ቀን ሁሉንም ያዳርሳል። ወላጅም ካርዷን ሲቀበል «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት አስቀድሞ «ያስቸገረህ የትኛው ነው?» ቢል፥ ልጁ መውደቁን ከመደበቅ ይልቅ መነሣትን ይማራል።

በመጨረሻም የመምህራችንን የክርስቶስን ምዘና እናስብ። ጴጥሮስ በእሳቱ አጠገብ ሦስት ጊዜ ካደ። ጌታም ከትንሣኤው በኋላ በባሕሩ ዳር፥ ዳግመኛ በእሳት አጠገብ፥ ሦስት ጊዜ ጠየቀው (ዮሐ. 21፥15-17)። ጴጥሮስ እስኪያዝን ድረስ ጠየቀው እንጂ ውድቀቱን እንዳልነበረ አላደረገም፤ በውድቀቱም አልተወውም፤ በመልሱ ላይ አደራ ጨመረለት። እንግዲህ በየክፍላችን ቀይ እስክርቢቶ ስንይዝ ይህን ጥያቄ እናስታውስ። እኛም አንድ ቀን እንመዘናለንና፥ በሰፈርንበት መስፈሪያ መሰፈራችን አይቀርም (ማቴ. 7፥2)።

መምህራችን ክርስቶስ እውነትን የሚናገር አንደበት፥ ለመድከም የማይሰለች ልብ ይስጠን። አሜን።