ዕጣው ሲደርሳችሁ

ቡሬና ፍኖተ ሰላም በቤት ማኅበር ተደራጅታችሁ ዕጣ የምትጠብቁ ወንድምና እህቶቼ፣ ኪራይ ላማረረው ሰው ቤት መመኘት ሐላል ነው። ግን ቦታው ትናንት የማን የበርበሬ ማሳ ነበር?

በአዋጅ 1161/2011 ለዘለቄታው የተነሳና ምትክ መሬት ያልተሰጠው ገበሬ ካሳ የሚሰላው ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የራሱ የመሬቱ ዋጋ አይታሰብም። ያው መሬት ከተማ ውስጥ ሲገባ ግን የሊዝ ዋጋ ይወጣለታል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ የመስጂዳቸው ቦታ የሁለት የቲሞች ነበር። ልጆቹ በነፃ እንስጥ ቢሉም ዋጋውን ሳይከፍሉ አልተቀበሉም። ለአላህ ቤት እንዲህ ከሆነ፣ ለኔና ለእናንተ ቤትስ?

ቦታውን አትቀበሉ አልልም፤ እኔም ተከራይ ነኝ። ዕጣው ሲደርሳችሁ ግን ገበሬውን ፈልጉት፤ ካሳው ደርሶታል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። ካልደረሰው በማኅበሩ ስብሰባ መጀመሪያ እጅ የምታወጡት እናንተ ሁኑ።