የመንገድ ሥራና የጥንት ሰዎች መቃብር

መንገድ የሥልጣኔ በር መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም፤ በሽተኛ ከሐኪም ቤት፥ እህል ከገበያ፥ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚደርሰው በመንገድ ነውና። ይሁን እንጂ መንገዱ በሚያልፍበት ስፍራ የጥንት ሰዎች መቃብር ወይም የመንደር ፍርስራሽ የተገኘ እንደ ሆነ ለማን ሊፈረድ ይገባል? ለዛሬው መንገደኛ ነውን ወይስ አፍ አውጥቶ ለማይከራከረው ሟች? ከ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 11ኛው መቶ ዓመት ድረስ በመርከብ እየተጓዙ ሲነግዱና ሲዘርፉ የኖሩት ቫይኪንጎች በነበሩባቸው አገሮች ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቷል። (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በደቡብ ኖርዌይ ቦሬ በሚባል ስፍራ ታላላቅ የመቃብር ጉብታዎች አሉ። በ1852 የመንገድ ሹማምንት ከነዚህ አንዱን ገዝተው ጠጠሩን ለመንገድ ያስቈፍሩት ጀመር። ሠራተኞቹም ጠጠር ሲዝቁ ከመርከብ ጋር የተቀበረ ሰው መቃብር ላይ ደረሱ። ኒኮላይ ኒኮላይሰን የተባለው የጥንታዊ ቅርስ ሊቅ በስፍራው ሲገኝ ጉብታው በአብዛኛው ተንዶ ነበር። የመርከቡ እንጨት በስብሶ ምስማሮቹ ቀርተዋል፤ ከነሐስ ተሠርተው በወርቅ የተለበጡ የፈረስ ዕቃ ጌጦችም ተገኝተዋል። የጌጦቹ ጥበብ «የቦሬ ስልት» ተብሎ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ታውቋል፤ የመቃብሩን አቀማመጥ ግን በሙሉ ለማወቅ አልተቻለም። ጠጠሩም በመንገድ ላይ ተነጥፎ ከሌላው ጠጠር ጋር ተቀላቀለ። እነዚያን ሠራተኞች ልንወቅስ አንወድም፤ አካፋ የያዘ ሰው የታዘዘውን ይሠራል። ያዘዘው ሹም ግን «ይህን ጉብታ ማን ከመረው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባው ነበር።

«ሙታን አይጐዱም» የሚሉ አሉ። እንዲህም ቢሆን በጉዳዩ ባለ መብት የሆነ ሌላ ወገን አለ፤ እርሱም ገና ያልተወለደው ሰው ነው። እንዲህ ያለው መቃብር ቅጂ እንደሌለው ብራና ነው፤ ያውም ሲነበብ የሚቃጠል ብራና! ሊቁ በብሩሽና በጥንቃቄ ቢቈፍረውም እንኳ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሊቅ ዳግመኛ ሊቈፍረው አይችልም። ኖርዌይ በ1978 ባወጣችው ሕግ ከ1537 በፊት የነበረ ቅርስ ሁሉ ያለ ልዩ ዐዋጅ እንዲጠበቅ፥ ታላላቅ ሥራ የሚሠራም አስቀድሞ ስፍራውን እንዲያስመረምር፥ ወጪውንም እንዲችል አዘዘች። ይህ ለመንገድ ሠሪው ከባድ ነው፤ ነገር ግን ዕዳውን ላልተወለደው ልጅ ከማውረስ ይሻላል።

መንገድን የታሪክ ጠላት አድርጎ መቍጠርም ስሕተት ነው። በ2009 በእንግሊዝ አገር በዌይመዝ ከተማ አጠገብ መንገድ ሲሠራ አንገታቸውን የተቀሉ ሃምሳ ያህል ወንዶች በአንድ ጕድጓድ ተገኙ፤ ጥርሳቸው ሲመረመር ብዙዎቹ ከሰሜን አገሮች የመጡ መሆናቸው ታወቀ። መንገዱ ባይሠራ ኖሮ ማን ያውቃቸው ነበር?

በአየርላንድ ዉድስታውን ግን ፍርዱ ሌላ ሆነ። በ2003 ለዋተርፎርድ ከተማ ማለፊያ መንገድ ሲጠና በሹር ወንዝ ዳር የቫይኪንጎች መንደር ተገኘ፤ መንግሥትም መንገዱን በሌላ በኩል አዞረው። የመንደሩ አብዛኛው ክፍል ሳይቈፈር ቀረ። «ሳይቈፈር የሚቀመጥ መንደር ምን ይጠቅማል?» ለሚለን ሰው በኖርዌይ ዬለስታድ የሆነውን እናሳየዋለን፤ በዚያ በ2018 ሊቃውንት አካፋ ሳያነሡ፥ የመሬትን ውስጥ በሚያይ ራዳር፥ ከታረሰ እርሻ በታች የተቀበረ መርከብ አይተዋል። የ1852 ሰዎች እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊመጣ መቻሉን አላሰቡም፤ ነገ የሚመጣውንም እኛ አናውቅም።

እርግጥ ነው፥ መሬትም ሁልጊዜ የታመነ ዘበኛ አይደለም። የዬለስታዱን መርከብ ፈንገስ ይበላው ስለ ነበር በ2020 መቈፈሩ ግድ ሆነ። እንጨቱ እንደ ቦሬው በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር። ሆኖም ሊቃውንቱ እያንዳንዱ ምስማር የወደቀበትን ስፍራ መዝግበዋል፤ የመርከቡም ቅርጽ ከዚያ ይጠናል።