ስምንት ዓመት የጠበቀው ሰው

ለአንድ ሰው የገባሁት ቃል ያ ሰው ከተለወጠ በኋላም ያስረኛል? ቃሉን የገባሁት እኔ ራሴ ተለውጬ ከሆነስ? ጥያቄው የሽማግሌ ነው፣ የዳኛም ነው፣ የንስሐ አባትም ነው። እኔን ሰሞኑን የያዘኝ ግን ቴሌቪዥን ፊት ነው። ከባለቤቴ ጋር፣ ሳንተዋወቅ ለየብቻ አይተነው የነበረውን «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» የተባለ ተከታታይ ድራማ ከሥር ጀምረን አብረን እያየን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1994 በሰባት ምዕራፍና በ178 ክፍል የታየ ሥራ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ጠፈር ጉዞ ነው ቢባልም አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲከራከሩ ነው። እኛ ቤት የተወደደውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

በድራማው ውስጥ ትራንስፖርተር የሚሉት መሣሪያ አለ። ሰውን እዚህ ይበትነዋል፤ እዚያ ሰብስቦ ይገጣጥመዋል። የወለደው ፍልስፍና ሳይሆን የገንዘብ እጥረት ነው። የ1966ቱን የመጀመሪያውን ስታር ትሬክ የፈጠረው ጂን ሮደንቤሪ መርከቧ በየሳምንቱ ስታርፍ የሚያሳይበት በጀት ስላልነበረው፣ ሰዎቹን በብርሃን ብልጭታ ማውረድ ረከሰለት። ከዚህ ችግር የወጣው ጥያቄ ግን ፈላስፎችን እስከ ዛሬ ያነታርካል፦ ተበትኖ የተገጣጠመው ሰው ያው ሰው ነው?

በስድስተኛው ምዕራፍ፣ በ1993 የታየው «ሰከንድ ቻንስስ» የተባለው ክፍል ጥያቄውን ወደ ፍቅርና ወደ ትዳር ያመጣዋል። ዊል ራይከር ወጣት ሌተናንት ሳለ ኔርቫላ አራት ከምትባል ፕላኔት ሰዎችን ለማስወጣት ሄዶ ነበር። ሊመለስ ሲል የፕላኔቷ ከባቢ አስቸገረና የትራንስፖርተሩ ባለሙያ ሁለተኛ ጨረር ጨመረለት። በአንዱ ጨረር ራይከር መርከቡ ላይ ደረሰ። ሌላው ነጥሮ ተመለሰና ሌላ ራይከር እዚያው ፕላኔቷ ላይ ቆመ። አንዱ ስለ ሌላው አላወቀም። መርከቡ ላይ የደረሰው በሹመት ላይ ሹመት ጨመረ፤ ሪሳ በምትባል የመዝናኛ ፕላኔት ከፍቅረኛው ከዲያና ትሮይ ጋር የነበረውንም ቀጠሮ ለሥራው ሲል ቀረ። አሁን እሱና ትሮይ በአንድ መርከብ የሚሠሩ ወዳጆች ናቸው። ፕላኔቷ ላይ የቀረው ደግሞ ስምንት ዓመት ብቻውን ኖረ። ለእሱ ቀጠሮው አልተሰረዘም። ሁለቱም ሲመረመሩ ኮፒ የሚባል ጠፋ፤ ሁለቱም እውነተኛው ራይከር ናቸው።

የተረሳው ራይከር (በኋላ ቶማስ በሚለው የመሐል ስሙ ይጠራል) ትሮይን ሲያገኛት ትናንት እንደተለያት ሆኖ ይስማታል። ለእሷ ስምንት ዓመት አልፏል። ቀጥሎ በመርከቡ ውስጥ ማስታወሻ እየደበቀ፣ አንዱ ወረቀት ወደ ሌላው እየመራት፣ ወደ ስጦታው ያደርሳታል። እዚህ ላይ ባለቤቴ ሪሞቱን አንስታ ድራማውን አቆመችው።

«ይኸው፤ ጠበቃት» አለች።

«የት ይሄዳል? ፕላኔቷ ላይ ሌላ ሰው የለም እኮ» አልኳት።

የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል ይባላል። ግን መቆየት ሁሉ ታማኝነት ነው? በዚህ ተከራክረን ያን ማታ ክፍሉን ሳንጨርሰው ተኛን።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሪክ ፓርፊት በ1984 ባሳተመው «ሪዝንስ ኤንድ ፐርሰንስ» ልክ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ ይነሣል። መንገደኛው ምድር ላይ ተበትኖ ማርስ ላይ ይገጣጠማል፤ አንድ ቀን ግን አዲሱ መሣሪያ ምድር ላይ ያለውን ሳይበትን ይቀርና ሁለት ይሆናሉ። የፓርፊት ምክር «እውነተኛው የትኛው ነው?» የሚለውን ተዉት ነው። ቁም ነገሩ ትዝታው፣ ዓላማው፣ ጠባዩ መቀጠሉ ነው ይላል። በዚህ ሚዛን ትሮይን ይወድ ለነበረው ወጣት ከሹመኛው ከዊል ይልቅ ቶማስ ይቀርበዋል። ባለቤቴ ፓርፊትን አታውቀውም፤ ቢገናኙ ኖሮ ግን ይግባቡ ነበር።

በዚያው መጽሐፍ ከማሽኑ ይልቅ የሚከነክነኝ ሌላ ታሪክ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ወጣት የሩሲያ መኳንንት ልጅ ሰፊ መሬት ሊወርስ ነው። ሶሻሊስት ስለሆነ መሬቱን ለገበሬዎች ሊሰጥ ቆርጧል፤ ሆኖም ከዕድሜ ጋር ሐሳቡ እንዳይከዳው ይፈራል። ስለዚህ መሬቱ ጊዜው ሲደርስ በቀጥታ ለገበሬዎቹ እንዲተላለፍ ሰነድ ይፈርማል። ሰነዱ ሊሻር የሚችለው በሚስቱ ፈቃድ ብቻ ነው። እሷንም ቃል ያስገባታል፦ አንድ ቀን ተለውጬ ሻሪው ብልሽ እንዳትሰሚኝ፤ ያኔ የሚለምንሽን ሰው ባልሽ ነው አትበዪ። ዓመታት ያልፋሉ፤ የፈራው ይደርሳል፤ ሰውየው ሻሪው ይላል። ሚስቲቱ ጭንቅ ውስጥ ትገባለች። ከቃሏ ሊፈታት የሚችለው ያስገባት ወጣት ነው፤ ያ ወጣት ደግሞ ለእሷ አሁን የለም።

ስለ መሬቱ የምፈርደው ለወጣቱ ነው። «መሬት ለአራሹ» የሚለውን ጥሪ የሚያስታውስ አንባቢም ሌላ የሚፈርድ አይመስለኝም። ስለ ትዳር ግን ወጣቱ በድሏል። ያን ቃል ሲያስገባት ሚስትነቷን ወስዶ የሐውልት ጠባቂ አደረጋት። ከአንዱ ባሏ ጋር ማዕድ እየቀረበች ለሌላው እንድትታመን ፈረደባት። ሰው ሲለወጥ የሚሞት ከሆነ፣ ሃያ ዓመት የቆየች ሚስት ሁሉ ስንት ጊዜ መበለት ሆናለች ማለት ነው!

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ፖል ሪኮር በ1990 ባወጣው መጽሐፉ ሌላ መንገድ ያሳያል። አንድ ሰው በጊዜ ውስጥ ራሱ ሆኖ የሚቀጥለው በሁለት ዓይነት ነው ይላል። አንደኛው በጠባይና በልማድ ሳይለወጥ በመቆየት ነው። ሁለተኛው ቃልን በመጠበቅ ነው፤ ፍላጎቱ ቢቀየር፣ ስሜቱ ቢቀዘቅዝም ሰውየው «አለሁ» ሲል። በዚህ መንገድ ካየነው መለወጥ የቃል ጠላት አይደለም። የማይለወጥ ሰው ቃል መግባት ምን ያደርግለታል? ቶማስ የመጀመሪያውን አሟልቷል። ሁለተኛው ግን መሄጃ ያለው ሰው ሳይሄድ ሲቀር ነው የሚታወቀው፤ ቶማስ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ መሄጃ አልነበረውም።

መሄጃ ያገኘው በክፍሉ መጨረሻ ነው። ጋንዲ በተባለ መርከብ ላይ ተመደበ፤ ትሮይን አብረሽኝ ነይ አላት፤ እሷ ቀረች፤ እሱ ሄደ።

«አየሽ፣ እሱም መርከቡን መረጠ» አልኩ።

«እሱ አብረሽኝ ነይ ብሏታል። ያኛው ሳይነግራት ነው የወሰነው» አለችኝ። ለዚህ እስካሁን መልስ የለኝም።

በአገራችን ክርስቲያኑ ሕዝብ ይህን የቃልና የመለወጥ ጉዳይ በሁለት ዓይነት ጋብቻ ይዞት ኖሯል። ሰማንያው ሰው እንደሚለወጥ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ፍቺም የንብረት ክፍፍልም አለበት። ቁርባኑ አይፈታም። በድሮው ልማድ ብዙው ሰው ቁርባኑን ያዘገየው ነበር፤ በሰማንያ ተጋብተው፣ ወልደው፣ ተኳርፈው፣ በሽማግሌ ታርቀው፣ ሽበት ሲመጣ ነው አብረው የሚቆርቡት። ሥርዓቱ ለወጣት ስለሚከብድ ነው ይባላል፤ ይሁን። እኔ ግን ጥበብ አይበታለሁ። የማይፈታውን ቃል የሚሰጣጡት አንዱ የሌላውን ክፋትም ደግነትም አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ቃል የገቡት ለማያውቁት ሰው ነበር፤ ሁለተኛውን የሚገቡት ለሚያውቁት ነው። ክብደት ያለውም ሁለተኛው ነው።

ድራማን ዳግም ማየት የዚህ የሁለተኛው ቃል ታናሽ ወንድም ነው። በመጀመሪያው ዕይታ ልብ ወደ መጨረሻው ይሮጣል። በሁለተኛው መጨረሻው ስለታወቀ ዓይን ሌላ ነገር ይለቅማል። ሁለቱንም ራይከሮች የሚጫወተው ጆናታን ፍሬክስ የቶማስን ቢጫ ልብስ ሲለብስና የዊልን ቀይ ሲለብስ አቋቋሙ አንድ አይደለም። በትንሽ ሚና ብቅ የምትለዋ መኮንን ደግሞ በ1992 በእርግጥ ጠፈር ደርሳ የተመለሰችው ሜ ጀሚሰን ናት። ፊልሙ ራሱስ ያው ነው? አሁን የሚታየው፣ ስቱዲዮው ዋናውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ከመዝገብ አውጥቶ፣ ቁርጥራጩን አዲስ ስካን አድርጎ፣ ከ2012 ጀምሮ መልሶ እየገጣጠመ ያወጣው ነው። ስሙን ግን ማንም አልቀየረውም።

ለቶማስ ጸሐፊዎቹ አልራሩለትም። በ1994 «ዲፕ ስፔስ ናይን» በተባለው ሌላ የስታር ትሬክ ድራማ ውስጥ መርከብ ሰርቆ ተያዘ፣ በጉልበት ሥራ ካምፕ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ ድራማው በ1999 እስኪያልቅም ተመልሶ አልታየም። ባለቤቴ ግፍ ነው ትላለች፤ በዚህ እንስማማለን። የትሮይ ሠርግ የሚታየው በ2002 በወጣው «ኔሜሲስ» ፊልም ነው። ያገባችው ከሪሳው ቀጠሮ የቀረባትን ሰው ነው።