ቀን ቤት የሚውለው ማነው?

ልጆቼ፣ ታላቅየው «ሁላችንም ሞባይል ይዘን የቤት ስልክ ምን ያደርግልናል? ይቋረጥ» ትላለህ። ታናሺቱ «የአባታችን ስልክ ነው፣ አይነካም» ትያለሽ። ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ዕቃው ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እኔ ከሥሩ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ሞባይል የሰው ነው፤ ባለቤቱ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። የቤት ስልክ ግን የቤት ነው፤ ሰው ወጣም ገባም ካለበት አይነቃነቅም። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ እናንተ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቀን ቤት የሚውለው ማነው?

አባታችሁ ለዚያ ስልክ የነበረውን ፍቅር አልነቅፍም። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሲዘረጋ ጉዳዩ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር። ወደ ተራው ሰው ቤት እስኪደርስ ብዙ ዘመን ፈጀ። በእኛ ጉልምስና እንኳ ስልክ ያለው ቤት የሠፈሩ ሁሉ ስልክ ቤት ነበር። የጎረቤት ልጅ ከውጭ ሲደውል ሕፃን እየሮጠ የደዋዩን እናት ይጠራል፣ መርዶም ደስታም በዚያው ሽቦ ይመጣል። መስመር ለማስገባት ተመዝግቦ ዓመታት የጠበቀ ሰው ስልኩን በዳንቴል ቢሸፍነው ምን ይገርማል? ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ናፍቆት መልካም ነው፤ ነገር ግን የወር ክፍያ የሚከፈልበት ምክንያት ናፍቆት ብቻ ሊሆን አይገባም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እናንተ ደግሞ ሞኝም ወረቀትም አይደላችሁም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። እናታችሁ ቀን ቤት ይውላሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በመስታወት ላይ ጣት ማንሸራተት አይሆንላቸውም። የገዛችሁላቸው ሞባይል አንድ ቀን ቻርጁ አልቆ፣ አንድ ቀን ከትራስ ሥር ተረስቶ፣ አንድ ቀን ድምፁ ተዘግቶ ይውላል። የቤት ስልኩ ግን የት እንዳለ በጨለማም ያውቁታል። የምታግዛቸው ልጅም ከገጠር ከመጣች ገና መንፈቋ ነው፤ በራሷ ስልክ ካርድ የምትሞላው አንዳንዴ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ አብሯቸው የሚሆነው ትንሹ ልጅ ደግሞ ጭራሹኑ ስልክ የለውም። እናታችሁ ቢወድቁ፣ ምድጃ ቢቀጣጠል፣ ሌባ ቢገባ እነዚህ ሦስት ሰዎች በምን ይጮኻሉ? ለአምቡላንስ 907፣ ለእሳት 939፣ ለፖሊስ 991 እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ። ቤት የሚውሉት ያውቃሉ ወይ? የሚደውሉበትስ አላቸው ወይ?

ስለ መብራትም ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህ ነው። በመዳብ ሽቦ የሚሠራው የድሮው ስልክ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከቤታችሁ ሶኬት አይደለም፤ ከስልክ ጣቢያው በዚያው ሽቦ ይላክለታል። ጣቢያው ባትሪና ጄኔሬተር ስላለው ሠፈሩ ጨልሞም ስልኩ ይሠራል። መብራት ለረዥም ሰዓት ሲጠፋ ሞባይላችሁ ብቻ ሳይሆን የኔትወርኩ ማማም ባትሪው ሊያልቅ ይችላል። ነገር ግን ይህ ጥቅም ሽቦ ያለውን ተራ ስልክ ለሚጠቀም ነው። ገመድ አልባ እጀታ ያለው ስልክ መቀመጫው ከሶኬት ካልተሰካ ዝም ይላል። በፋይበር የገባ መስመርም ቤት ውስጥ ያለችው ሣጥን መብራት ካላገኘች አይሠራም። ስለዚህ ያላችሁ መስመር የትኛው እንደሆነ ሳትለዩ «የቤት ስልክ አለን» ብላችሁ አትተማመኑ።

ሌላው ነገር ሞባይል ዛሬ ስልክ ብቻ አለመሆኑ ነው። ቴሌብር ከመጣበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ኪሳችሁም ቦርሳችሁም እዚያው ገብቷል። የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ወደዚያው ነው፤ የዘመድ ሁሉ ቁጥር ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ታክሲ ስትሳፈሩ ሌባ ቢነጥቃችሁ ገንዘቡም፣ አድራሻውም፣ ለባንኩ «አግዱልኝ» ብላችሁ የምትደውሉበትም መንገድ በአንድ ጊዜ ሄደ ማለት ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። የቤት ስልኩን ብታቋርጡም ባታቋርጡም፣ ዋና ዋና ቁጥሮችን በወረቀት ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ወረቀት የያዘውን አለመልቀቁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

በስደት ያሉትንም አስቡ። ዐረብ አገር ለሥራ የሄደች ልጅ አሠሪዋ ስልኳን ሊወስድባት ይችላል፤ የደረሰባቸው ብዙ ናቸው። ያን ቀን የሚያድናት በጭንቅላቷ የያዘችው ቁጥር ነው። የሞባይል ቁጥር ከሲም ካርድ ጋር ሊለዋወጥ ይችላል፤ የቤታችሁ ቁጥር ግን አዲስ አበባ በ011 ወደ ዐሥር አኃዝ ከተለወጠበት ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ያው ነው። የአክስታችሁ ልጅ ቤይሩት ሆና በቃሏ የምታውቀው እሱን ከሆነ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ሌላ ቁጥር በቃሏ አስይዟት።

አሁን ደግሞ በሌላው ወገን ልቁም፤ ምክር ለአንድ ወገን ብቻ ካደላ ምክር አይደለም። ቀን ቤቱ ባዶ የሚውል ከሆነ፣ የሚገቡት የሚወጡት ሁሉ ሞባይላቸውን በወጉ የሚይዙ አዋቂዎች ከሆኑ፣ የቤት ስልክ አያስፈልጋቸውም፤ ያቋርጡት። እንደዚሁም ሽቦው ተሰርቆ ወይም ተበጥሶ ወራት ሙሉ ድምፅ የሌለውን ስልክ ኪራይ እየከፈሉ ማስቀመጥ፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ወይ አስጠግኑት፣ ወይ መልሱት።

የምታቋርጡ ከሆነ ግን በሥርዓት ይሁን። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች ተብሏል። መጀመሪያ የቤታችሁ ኢንተርኔት በዚያው ሽቦ የሚመጣ እንደሆነ ጠይቁ፤ የስልኩን ወጪ እቆጥባለሁ ብላችሁ የልጆቹን ትምህርት እንዳታቋርጡ። ቀጥሎ ያንን ቁጥር የያዙትን ቦታዎች አስታውሱ፦ ዕድሩን፣ የልጁን ትምህርት ቤት፣ ባንኩን፣ እናታችሁ የሚታከሙበትን ክሊኒክ። ለሁሉም አዲሱን ቁጥር ስጡ። በመጨረሻ ቴሌ ሄዳችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፣ የቀረውን ሒሳብ ዝጉ፣ ደረሰኙን ያዙ። ዝም ብሎ መተው ዕዳ ማስቆጠር ነው።

የምታስቀጥሉ ከሆነም አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው እንዳይሆንባችሁ። ትልልቅ ቁልፍ ያለው ተራ ባለሽቦ ስልክ ይኑር። ከአጠገቡ ግድግዳው ላይ የእናንተን፣ የጎረቤትንና የነዚያን ሦስት የአደጋ ጊዜ ቁጥሮች በትልቁ ጻፉ። በሳምንት አንድ ቀን አንስታችሁ ድምፅ መኖሩን አረጋግጡ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደውላችሁ እናታችሁን ጠይቁ፣ ስልኩንም እሳቸውንም በአንድ ጊዜ ታውቃላችሁ። ትንሹን ልጅ ዐሥሩን አኃዝ በቃሉ አስጠኑት። ቁጥሩን መስጠት ላለባችሁ ብቻ ስጡ፤ የማያውቁት ሰው ደውሎ የባንክ ምስጢር ቁጥር ቢጠይቅ ዘግቶ መነሳት እንጂ መልስ እንደሌለው ቤት ለሚውሉት ንገሩ።

በሁለቱ መካከልም መንገድ አለ። መስመሩ የማይጠገን ከሆነ አንድ ርካሽ ባለቁልፍ ሞባይል ግዙ፣ የራሱ ሲም ይኑረው፣ ከቤት አይውጣ። ቻርጀሩ ላይ አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ካርዱን የሚሞላው ማን እንደሆነ በስም ተነጋገሩ። የሁሉም የሆነ ነገር የማንም እንዳይሆን፣ ኃላፊ ይኑረው።

ለእናንተ ቤት የእኔ ፍርድ ይኼ ነው፦ እናታችሁ በሕይወት እስካሉና መስመሩ እስከሠራ ድረስ አታቋርጡት። ወንድምና እህት ክፍያውን እኩል ተካፈሉ፤ በዚህ ነገር ዳግመኛ አትጣሉ። ዓመት ባለፈ ቁጥር ደግሞ ያችን ጥያቄ እንደገና ጠይቁ፤ ቤት የሚውለው ሰው ሲለወጥ መልሱም ይለወጣልና። የምትደውሉለት ሰው አያሳጣችሁ፤ ስትጠሩም ሰሚ ይስጣችሁ። አሜን በሉ።