ሰው በብልጫው ብቻ ሊመዘን ይገባልን?

ሰው በአባቱ ማዕረግ ሳይሆን በገዛ ዕውቀቱና በድካሙ ይሾም የሚል ሐሳብ መልካም ሐሳብ ነው። ሹመት በትውልድ ብቻ በሚወረስበት አገር የድኻ ልጅ ምንም ብልህ ቢሆን ከደጅ ይቀራልና። ፈተና ግን የማንንም ዘር ሳይጠይቅ ተማሪውን ብቻ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ፈተናው አባትን ባይጠይቅም፥ የአባት ቤት በተማሪው ውስጥ ሆኖ መልስ ይሰጣል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት በጋሞ ደጋ ያለችውን ዶርዜን መመልከት ይበቃል።

ዶርዜ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው መንገድ ላይ የምትገኝ የሸማኔዎች አገር ናት። ሴቶቹ ጥጡን ይፈትላሉ፥ ወንዶቹ ይሸምናሉ። መሬቱ ለሕዝቡ ብዛት ስለሚጠብ ብዙ ሸማኔ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ኑሮውን መሥርቷል። በዚህ ሙያ ቤት የተወለደ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ማጉን በቀሰም ማጠንጠን ይለምዳል፤ ጥቂት ከፍ ሲልም ከጉድጓዱ ገብቶ መወርወሪያ ይይዛል። ለሥራው ተብሎ ከወላጆቹ ተለይቶ ወደ ከተማ የተወሰደም ልጅ አለ። እንዲህ ያለው ልጅ በቤቱ የሚናገረው ጋሞኛ ነው፤ በከፍተኛው ክፍል ግን ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይቀርብለታል። በአርባ ምንጭ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከተራራው ሥር ነውና መንገዱ ቅርብ ነው፤ ዕድሉ ግን እንደ መንገዱ አይቀርብም። አባቱ መጻሕፍት የሚያነብለት፥ መምህር የሚቀጥርለት የከተማ ልጅ ከእርሱ ጋር በአንድ ቀን በአንድ ወረቀት ይፈተናል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆት እንዳይገባበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ከተፈተኑት ከ896 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 30 ሺህ ያህል፥ ይኸውም ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ስንፍና የአንድ ሰው ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲወድቅ ግን ምክንያቱን በተማሪው ጠባይ ብቻ መፈለግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ ፈተናው ይቅር ቢባል መድኃኒት አይሆንም። ፈተና ቢቀር በስፍራው የሚገባው ዝምድናና እጅ መንሻ ነውና፥ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ያው ዘመድ የሌለው የሸማኔ ልጅ ነው። ሚዛኑ ጉድለትን ስላሳየ አይሰበርም። የሚነቀፈው ሚዛኑ ያላለውን በላዩ ጨምሮ የሚተረጉመው ሰው ነው። ሚዛኑ የሚናገረው ልጁ ዛሬ ይህን ያህል ያውቃል ብሎ ነው፤ ተርጓሚው ግን ልጁ የሚገባው ይህ ብቻ ነው ይላል።

ይህን ነገር በሌላም አገር ያስተዋሉት ሊቃውንት አሉ። ፈረንሳውያኑ ፒዬር ቡርዲዮና ዣን ክሎድ ፓስሮን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 እና በ1970 ባወጧቸው መጻሕፍት፥ ትምህርት ቤት ከቤት የተወረሰውን ቋንቋና ልማድ ተቀብሎ የተፈጥሮ ስጦታ አስመስሎ እንደሚያከብር አሳዩ። እንግሊዛዊው ማይክል ያንግም በ1958 ሰው ሁሉ በብልጫው ብቻ ስለሚደለደልባት አገር በምጸት ጻፈ፤ በዚያች አገር ከላይ ያሉት ሁሉን በገዛ ብቃታቸው ያገኙ እየመሰላቸው ይታበያሉ፥ ከታች ያሉትም ክብራቸውን ያጣሉ። ለማስጠንቀቂያ የጻፈው ቃል ግን በኋላ መመስገኛ ሆነ፤ እርሱም በ2001 ስለዚሁ ቅሬታውን ገለጠ።

በኢትዮጵያም ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፥ ቀጥቃጩንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። አዋጁና ትምህርት ቤቱ እንደ መንታ የተከታተሉ ናቸው። ዛሬ የሚያሰጋው አዋጁ ያባረረው ንቀት በትምህርት ቤቱ በር ተመልሶ እንዳይገባ ነው። በዘሩ የተሰደበ ሸማኔ ስድቡ ሐሰት መሆኑን በልቡ ያውቅ ነበር። ፈተና ወድቆ ወደ መወርወሪያው የተመለሰው ልጅ ግን ሚዛኑም መሰከረብህ ይባላል፤ እርሱም ያምናል። ከፊተኛው ስድብ ይልቅ ይህ የከፋ ነው።

በወንጌል አምስት መክሊት የተቀበለው አምስት አተረፈ፥ ሁለት የተቀበለውም ሁለት፤ ጌታቸው ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ምስጋና ሰጣቸው። ትርፉን የመዘነው ከተሰጣቸው አንጻር ነውና። ሰው ምን እንደ ተሰጠው ሳይጠየቅ ስለ ትርፉ ብቻ ሊፈረድበት አይገባም።

እንግዲህ ሁለት ግዴታ አለ። አንደኛው ከፈተናው በፊት ነው፤ በሸማኔው መንደር በቂ መምህርና መጽሐፍ እንዲኖር፥ ልጁም የመማሪያ ሰዓቱን መወርወሪያ እንዳይወስድበት ማድረግ። ሁለተኛው ከፈተናው በኋላ ነው፤ ያላለፈውን በሙያው ማክበርና ሌላ በር መክፈት። የመጀመሪያው ገንዘብና ዘመን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቻላል። ያለፈው ተማሪ በበዓል ቀን ጥበቡን ለብሶ ሲወጣ ድሩንና ማጉን ያገናኘው ማን እንደ ሆነ ቢያስብ፥ ብልጫው ዕዳ እንዳለበት ያውቃል።