ኩራቱ የማነው?

ኮልፌ አጠና ተራ ብዙ ዘመን አጠና ሸጫለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው የሚያውቀኝ በማገሬና በቋሚዬ ነበር። ልጄ በሕክምና ከተመረቀች ወዲህ ግን ስሜ ተለውጦ «የዶክተሯ አባት» ሆኛለሁ። ለምን እዋሻለሁ? ስሙ ይጣፍጠኛል። ደንበኛ ዋጋ ሊከራከረኝ ሲመጣ እንኳ ወሬውን አዙሬ እሷ ላይ የማደርስበት ብልሃት አላጣም።

«ይህ ሰው ኩራቱ በዛ» የሚል አንባቢ ቢኖር እስቲ መንገዱን ያስበው። አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት፤ ከዚያ ስድስትና ሰባት ዓመት ሕክምና፤ ስፔሻሊስት ልሁን ላለ ደግሞ ሌላ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት። እኩዮቿ ተድረው ልጅ ሲያሳድጉ የኔዋ መጽሐፍ ታቅፋ ታድር ነበር። እናቷ ለሷ ስትል ሳትገዛ የቀረችውን ነጠላ የማውቅ እኔ ነኝ።

ታዲያ አንድ ማለዳ ልጄ ከሌሊት ተረኝነት ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ጎረቤቶች ቡና ይጠጣሉ። እኔም እንደ ልማዴ «ዶክተሬ መጣች!» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፣ ዛሬ እንዲያ አትበለኝ» አለች። ለካ ሌሊቱን ልትወልድ የመጣች አንዲት ሴት አርፋባት ኖሯል። እኔ ማታ ዕድርተኛውን ሰብስቤ በስሟ ስኮራ ባመሸሁበት ሰዓት እሷ ነፍስ ለማትረፍ ትታገል ነበር።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ለመሆኑ ኩራቱ የማነው? የከፈልነው እኔና እናቷ ስለሆንን ኩራቱም የኛ ነው እል ነበር። ነገር ግን ልጄ መርፌ መውጋት የተማረችው በሰው ክንድ ላይ ነው። አንዱ ተማሪ ሲስት፣ ሌላው ሲደግም፣ ክንዱን ዘርግቶ የታገሠ ምስኪን በሽተኛ አለ። በምረቃው ዕለት ለእሱ ወንበር ያዘጋጀለት አልነበረም።

ከሰፈራችን ሳንርቅ ዘነበወርቅን እንመልከት። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ባለሙያዎች የሥጋ ደዌን ሕክምና የሠለጠኑበት ቦታ ነው። መጽሐፍ የሆኗቸው ግን ኅብረተሰቡ ይሸሻቸው የነበሩ ሕሙማን ናቸው። በጣታቸውና በእግራቸው ቁስል ዓለምን ያስተማሩትን ሰዎች መምህር ብለን የጠራን ስንቶቻችን ነን?

ወላጅ ጨርሶ ያላየው መንገድም አለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲወድቁ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ገና ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር መኮንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው፤ በባዕድ እጅ አድገው ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ አገራቸው ሲገቡ አያታቸው የለዩዋቸው በሐኪምነታቸው አልነበረም፤ ከልጅነት በቀረ ጠባሳቸው እንጂ።

ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር አፍራለሁ። አያቲቱ ልጃቸውን በጠባሳው አወቁት። እኔ ግን ልጄን በማዕረጓ እየጠራሁ፣ ሙያው በሷ ላይ የተወውን ጠባሳ ሳላይ ኖሬአለሁ። ሙያውን በገላቸው ያስተማሯትንም አላየሁም።

ኩራት ኃጢአት ነው አልልም። በልጁ የማይኮራ ወላጅ ድካሙን ምን ያስረሳዋል? ነገር ግን የኩራቱ ባለቤት ነኝ ማለት ሌላ፣ ባለዕዳ ነኝ ማለት ሌላ ነው። ባለቤት ነኝ ያለ ልጁን ለጎረቤት ያሳያል። ባለዕዳ የሆነ ግን የልጁን ሸክም ያግዛል፤ ስማቸውን ለማያውቃቸው በሽተኞችም ምስጋና እንዳለበት አይዘነጋም።

አሁን ልጄ ከሥራ ስትመጣ «ሌሊቱ እንዴት ነበር?» እላታለሁ። ዝም ካለች አብሬያት ዝም እላለሁ፤ ካወራች እሰማለሁ። አጠና ተራ ላይ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ «የዶክተሯ አባት!» ብለው ሲጠሩኝ አሁንም ፈጥኜ ዞር እላለሁ።